ቻንደለር ከመግዛትዎ በፊት ኮርኒስዎን ይለኩ

መደብር ውስጥ የማያምር ቻንደለር የለም። ኮርኒሱ ከፍ ያለ ነው፣ ሃያ ሠላሳው መብራት በአንድ ላይ ይበራል፣ ከሥሩ ሶፋ የለ፣ ቡፌ የለ፣ የሚመላለስ ሰው የለ። ያው መብራት ደሴ ውስጥ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለ ከፍታው 2.60 ሜትር የሆነ ሳሎን ሲገባ ግን ረዥም እንግዳ ግንባሩን ይመታበታል። አለዚያም ኮርኒሱን ይዞ ይወርዳል፤ ወይም ከሥሩ ምንጣፍ ላይ የተቀመጠው ሰው ዓይኑን እየጨፈነ ቡናውን ይጠጣል። ይህ ሁሉ የሚመጣው ምርጫው ከመደብሩ ስለሚጀመር ነው። መጀመሪያ ኮርኒሱ ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ቀጥሎ ኮርኒሱን ምን እንደያዘው፣ ከዚያም ሰው የት እንደሚቀመጥ ይታይ። ቀለምና ቅርጽ ከእነዚህ በኋላ ይደርሳሉ።

ከፍታና ስፋት

ሜትር ይያዙና ከወለሉ እስከ ኮርኒሱ ይለኩ። ሴራሚክ ገና የሚነጠፍ ከሆነ ውፍረቱን ይቀንሱ። የአቡጀዲ ኮርኒስ መሀሉ ይረግባል፤ ስለዚህ ጥግ ላይ ሳይሆን መብራቱ በሚሰቀልበት ነጥብ ይለኩ። ሰው ከሥሩ የሚያልፍበት መብራት የታችኛው ጫፉ ከወለል ቢያንስ 2.10 ሜትር መራቅ አለበት። ከለኩት ላይ 2.10 ሲቀንሱ የሚተርፈው ቁጥር፣ ሰንሰለቱንና ኮርኒሱ ላይ የሚለጠፈውን ሳህን ጨምሮ መብራቱ ሊኖረው የሚችለው ትልቁ ቁመት ነው።

ኮርኒሱ 2.50 ከሆነ የሚተርፍዎት 40 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። እዚህ ላይ የሚንጠለጠል ቻንደለር መፈለግ ይቅር፤ ኮርኒስ ላይ የሚለጠፈው ወይም በአጭር ዘንግ የሚያያዘው ዓይነት ክፍሉን ሰፋ አድርጎ ያሳያል። 2.80 ከሆነ 70 ሴንቲ ሜትር አለዎት፤ ይህ ለብዙው ባለ አምስትና ባለ ስድስት ክንድ መብራት ይበቃል። 3.20 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ስሕተቱ ይገለበጣል፤ ትንሽ መብራት እላይ ተለጥፎ ይጠፋል። ለእንዲህ ያለው ክፍል ለእያንዳንዱ የከፍታ ሜትር ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር የመብራት ቁመት ይያዙ፤ ለ3.20 ማለት ከ64 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ነው።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁመት ሰንሰለቱን ይጨምር አይጨምር ይጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ የተጻፈው የአካሉ ብቻ ነው። ሰንሰለት ያለው መብራት ቀለበት በፒንሳ ከፍቶ ማሳጠር ይቻላል። ባለ ዘንጉ ግን ዘንጉ በየክፍሉ የሚፈታ ካልሆነ ማሳጠር ማለት ብረት መቁረጥና ጥርስ ማውጣት ነው፤ ለዝቅተኛ ኮርኒስ እሱን አይግዙ።

ለስፋቱ ቀላል ስሌት አለ። የክፍሉን ርዝመትና ስፋት በሜትር ደምረው በ8 ያባዙት፤ የመብራቱን ዲያሜትር በሴንቲ ሜትር ይሰጥዎታል። 4 በ5 ሜትር ሳሎን፣ 9 ሲባዛ በ8፣ 72 ሴንቲ ሜትር። 3.5 በ4 ከሆነ 60። ይህ ስሌት ግን ባዶ ክፍልን የሚያስብ ነው። ግድግዳው ዙሪያውን በሶፋ፣ አንዱ ጎን በትልቅ ቡፌ የተያዘ ሳሎን ለዓይን የሚቀረው ቦታ ያንሳል፤ ከስሌቱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢቀንሱ አይቆጭዎትም። ሦስት ደርብ ሆኖ የሚወርድ ክሪስታል እንደ ደሴው ግብር ቤት፣ እንደ አይጠየፍ፣ ላለ አዳራሽ እንጂ ለ4 በ5 ሳሎን አልተፈጠረም።

ምግብ ጠረጴዛ ላይ የሚሰቀለው ሌላ ነው። ከሥሩ ማንም ስለማያልፍ ዝቅ ማለት ይችላል፤ ከጠረጴዛው ገጽ እስከ መብራቱ የታችኛው ጫፍ ከ75 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ ደግሞ ከጠረጴዛው ወርድ ግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ። ጠረጴዛው 90 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ከ45 እስከ 60 መሆኑ ነው። አንድ ነገር ግን አይርሱ፦ በበዓል ወይም በድግስ ጊዜ ጠረጴዛው ወደ ግድግዳ ይገፋል፤ ያን ጊዜ ዝቅ ብሎ የቀረው መብራት መሀል መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ሰንሰለቱ ከፍ ብሎ የሚያያዝበት ተጨማሪ ቀለበት ያለው ይምረጡ፤ ሽቦውም ሲሰበሰብ ሳህኑ ውስጥ መግባት የሚችል ይሁን።

ለደረጃ ቤት፣ ማለትም ባለ አንድ ፎቅ ቤት ደረጃ መሀል ላይ የሚሰቀለው ረዥም መብራት፣ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይመልሱ፦ አምፖሉ ሲቃጠል በምን ይደረስበታል? መሰላል የሚቆምበት ጠፍጣፋ ቦታ ከሌለ ይተዉት።

ኮርኒሱን የያዘው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፤ ብዙ መብራትም የሚወድቀው በዚህ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ የሚያጋጥሙት ኮርኒሶች በጥቅሉ አራት ናቸው፤ አያያዛቸውም ፈጽሞ አይመሳሰልም።

ሙሉ ሶሌታ፣ ማለትም ወጥ የኮንክሪት ጣሪያ፣ ከሆነ ችግር የለም። በባለ 8 ሚሊ ሜትር ጋንቾ (መንጠቆ)፣ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ በሚነክስ የብረት ፊሸር ይያዛል። የፕላስቲክ ፊሸር ለግድግዳ ሥዕል ነው፤ ኮርኒስ ላይ ክብደቱ በቀጥታ ወደ ታች ስለሚጎትተው በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ከመውደቁ በፊት የሚታየው ምልክት በሳህኑና በኮርኒሱ መሀል የምትከፈት ቀጭን ክፍተት ናት። ያቺን ክፍተት ካዩ በዚያው ቀን ያውርዱት።

ሶሌታው በቢምና በሆሎ ብሎክ የተሠራ ከሆነ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብሎኩ ውስጡ ባዶ ነው፤ ድሪሉ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ገብቶ ድንገት ከሰጠመ ብሎኩን አግኝተዋል ማለት ነው። እዚያ ላይ የታሰረ ፊሸር ይሰብረዋል። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ይሂዱና እኩል እየጠነከረ የሚሄደውን ቢም ይፈልጉ። ቢሙ ከመሀሉ ራቅ ካለ ጋንቾውን ቢሙ ላይ አስረው ሰንሰለቱን ወደ መሀል መሳብ ይቻላል፤ ሁለት ቢም ላይ የሚያርፍ ጠፍጣፋ ብረት ማሰር ግን ይበልጣል።

ችፑድ፣ ጂፕሰምና ፒቪሲ ኮርኒስ ራሱን ብቻ ነው የሚሸከመው። ከአንድ ኪሎ የሚበልጥ ነገር በቀጥታ እነሱ ላይ አይታሰርም። ኮርኒሱ ገና ካልተመታ ዕድለኛ ነዎት፦ አናጺው መብራቱ በሚሰቀልበት ቦታ 5 በ7 ሴንቲ ሜትር የሆነ ተጨማሪ ሞራሌ በሁለት ወራጅ መሀል እንዲጨምር ያድርጉ፤ ነጥቡንም ከሁለት ግድግዳ ለክተው ይጻፉት፤ ኮርኒሱ ከተመታ በኋላ ሞራሌው አይታይም። የተመታ ከሆነ በጣሪያው መግቢያ ወጥቶ ከላይ መጨመር ያስፈልጋል። ሶሌታ ሥር የተንጠለጠለ ጂፕሰም ከሆነ ደግሞ ጂፕሰሙ ይበሳና ጋንቾው በረዥም ባለ ጥርስ ዘንግ እስከ ሶሌታው ይደርሳል።

በመጨረሻ የጭቃ ቤት አለ፤ ደሴ ውስጥ ብዙ ነው፤ ሰፊና ከፍ ያለ ሳሎን ያለውም አይጠፋም። አቡጀዲው ምንም አይሸከምም፤ የሚሸከመው ከላይ ያለው ባሕር ዛፍ ነው። ከላይ ገብተው እንጨቱን በቢላ ጫፍ ይውጉት፤ ቢላው በቀላሉ ከገባ ወይም ዱቄት ከረገፈ ነቀዝ ወይም ምስጥ በልቶታል፤ እዚያ ላይ ምንም አይሰቀልም። ጤነኛ ከሆነ በሁለት ወራጆች ላይ አግድም ሞራሌ በምስማር ሳይሆን በብሎን ይታሰር፤ ጋንቾውም ሞራሌውን አልፎ ከላይ በሰፊ ሮንዴላና በዳዶ ይያዝ። ጠመዝማዛ ጥርስ ያለው፣ እንጨት ውስጥ ብቻ የሚገባ ጋንቾ፣ እርጥብ እያለ የተመታ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ይለቃል። በእንዲህ ያለ ቤት ከ5 ኪሎ በታች የሆነ መብራት መምረጥ ብልህነት ነው። እንዲህ ያለ ቤት የብርጭቆ ክሪስታል ግድ አይፈልግም፤ ቀላል የአሉሚኒየም ክንድ ያለው መብራት አብሮት ይሄዳል።

ክብደቱን ካወቁ በኋላ ጋንቾውን ይፈትኑ። ለመብራት ዕቃዎች የተደነገገው ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ አይኢሲ 60598፣ የመብራት ማንጠልጠያ የመብራቱን ክብደት አራት እጥፍ ለአንድ ሰዓት እንዲሸከም ይጠይቃል። ያንኑ መጠን ለኮርኒሱ ጋንቾ መውሰድ ይቻላል፤ መሣሪያውም ጀሪካን ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሲሞላ ከ20 ኪሎ ትንሽ ይበልጣል። ለ5 ኪሎ መብራት አንድ ጀሪካን፣ ለ10 ኪሎ ሁለት፣ በጠንካራ ገመድ ከወለሉ ትንሽ ከፍ አድርገው አንድ ሰዓት ያንጠልጥሉ። ልጆች ከክፍሉ ይውጡ። ሲያወርዱት ጋንቾው ከቦታው ካልተነቃነቀ፣ ልስኑ ወይም ቀለሙ ካልተሰነጠቀ ይበቃል።

ይህ ፈተና የተጋነነ የሚመስለው ሰው ካለ አካባቢው የት እንዳለ ያስታውስ። ደሴና ኮምቦልቻ የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጫፍ ላይ ናቸው። በ1953 ዓ.ም ከኮምቦልቻ በስተደቡብ በሚገኘው ካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በአቅራቢያው ያለችውን የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። መሬት ሲነቃነቅ መጀመሪያ የሚወዛወዘው የተንጠለጠለው ነገር ነው። ስለዚህ ጋንቾው አፉ ክፍት የሆነ ሳይሆን የሚዘጋ ይሁን፤ ክፍት ከሆነም ሰንሰለቱ ከገባ በኋላ በፒንሳ ይጠምዘዝ።

ሰው የት ይቀመጣል?

ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ከወለል 1.10 ሜትር አካባቢ ነው፤ ፍራሽ ወይም ምጅሊስ ላይ የተቀመጠው ደግሞ ከ75 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር። የወሎ ቤት ደግሞ ዝቅ ብሎ መቀመጥ ይወዳል፤ ከአቦል እስከ በረካ፣ አንዳንዴም ዱአው እስኪያበቃ። ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው መብራቱን የሚያየው ከሥር ነው፤ ኩባያው ወደ ታች የተከፈተ መብራት እርቃኑን አምፖል ዓይኑ ውስጥ ይከተዋል። እንዲህ ላለው ክፍል ክንዱ ወደ ላይ የሚመለከት፣ ወይም ነጭ ደብዛዛ ብርጭቆ የለበሰ መብራት ይምረጡ። ጥርት ያለ ብርጭቆ ውስጥ ጥርት ያለ አምፖል መደብር ውስጥ ያብለጨልጫል፤ ቤት ውስጥ ግን ራስ ምታት ነው። መደብሩ ውስጥ ቁጢጥ ብለው ወደ ላይ ይመልከቱት። ቢስቁብዎትም ግድ የለም።

መብራቱ የሚሰቀልበት ነጥብ የግድ የክፍሉ መሀል መሆን የለበትም። ከሶፋው ክብ ወይም ከምጅሊሱ መሀል በላይ ቢሆን ይሻላል፤ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ካለ ግን መብራቱ ስክሪኑ ላይ እንዳያንጸባርቅ ተቀምጠው ያረጋግጡ።

ኮምቦልቻ ውስጥ ሌላ ተፎካካሪ አለ፤ የኮርኒስ ማራገቢያ። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደው፣ ከ2,500 ሜትር አካባቢ ወደ 1,850 ሜትር አካባቢ ሲደርሱ ሳሎኑ ማራገቢያ ይጠይቃል፤ ሁለቱም መሀሉን ይፈልጋሉ። ማራገቢያውን መሀል ላይ ይተዉና መብራቱን ለሁለት ከፍለው በግራና በቀኝ፣ ከክንፉ ጫፍ ቢያንስ 1 ሜትር አርቀው ይስቀሉ። መብራቱ ከክንፉ በላይ ከሆነ ጥላው በየዙሩ እየቆረጠ ክፍሉ ሁሉ ብልጭ ድርግም ይላል። ክሪስታሉ ከቀረበም ነፋሱ ያንኳኳዋል፤ ቀጭኗ የሽቦ ማያያዣ እየተፋቀች ትበጠሳለች። በነገራችን ላይ፣ መብራቱ በአንድ አካል የተያያዘበት ማራገቢያም ይሸጣል፤ መልኩ የሁሉንም ዓይን አይስብም፤ ለዝቅተኛ ኮርኒስ ግን የማራገቢያው ክንፍ ከወለል 2.10 በላይ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ መግዛት አይከፋም።

ስንት አምፖል፣ ምን ዓይነት?

ዋት የሚነግርዎት የሚበላውን ኃይል እንጂ የሚሰጠውን ብርሃን አይደለም። ብርሃኑ በሉመን ነው፤ ካርቶኑ ላይ ይጻፋል። ለሳሎን በካሬ ሜትር 150 ሉመን ያህል ይያዙ፤ ግድግዳው ጠቆር ያለ፣ መጋረጃው ከባድ ከሆነ 200። 4 በ5 ሳሎን 20 ካሬ ነው፤ 3,000 ሉመን። ባለ 5 ዋት ኤልኢዲ የሻማ አምፖል 400 ሉመን አካባቢ ይሰጣል፤ ስለዚህ ስምንት ክንድ ይፈልጋል። ባለ 9 ዋቱ ትልቁ አምፖል 800 አካባቢ ስለሚሰጥ አራት ይበቃል። አምስት ክንድ ያለውን በሻማ አምፖል ገዝቶ «ቤቱ ጨለመብኝ» ማለት የስሌት እንጂ የመብራቱ ጥፋት አይደለም።

የአምፖሉ ጥርስ ከመልኩ ይልቅ ወሳኝ ነው። ኢ 27 የተለመደው ትልቁ ጥርስ ነው፤ 27 ሚሊ ሜትር፤ በየሱቁ አለ። ኢ 14 ቀጭኑ ነው፤ ይገኛል፤ ግን በየሰፈሩ ሱቅ አይደለም። ጂ 9 የሚባለው ሁለት ሽቦ ቀለበት ያለው ትንሽ አምፖል ነው፤ መብራቱን ከመግዛትዎ በፊት እዚያው ከተማ የሚሸጥበትን ቦታ ይወቁ። ኤልኢዲው አብሮ የተሠራበት፣ አምፖል የማይቀየርለት ዘመናዊ የቀለበት መብራት ደግሞ አንድ ድራይቨር፣ ማለትም ለኤልኢዲው ኃይሉን የሚያስተካክልለት ትንሽ ሣጥን፣ ሲቃጠል በሙሉ ይጨልማል። መልኩ ከማረከዎት ድራይቨሩ ላይ የተጻፈውን የቮልትና የሚሊ አምፔር ቁጥር በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ ከተቻለም ተመሳሳይ ድራይቨር አብረው ይግዙ።

ስለ ኃይል ሲነሳ፣ የመብራት ፍጆታው በቀላሉ ይሰላል። ስምንት ባለ 60 ዋት አሮጌ አምፖል 480 ዋት ነው፤ በቀን 5 ሰዓት ለ30 ቀን ቢበራ 72 ኪሎ ዋት ሰዓት። ስምንት ባለ 5 ዋት ኤልኢዲ ያንኑ ያህል ሰዓት ቢበራ 6 ብቻ። ለአቡጀዲና ለችፑድ ኮርኒስ ደግሞ ይህ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የእሳት ጉዳይ ነው፤ አሮጌው አምፖል የሚበላውን አብዛኛውን ኃይል ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ኮርኒስ ተጠግቶ ከበራ ጨርቁን ያጠቁረዋል፣ ይባስ ሲልም ያነደዋል።

የብርሃኑ ቀለም በኬልቪን ይለካል። 2,700 እና 3,000 ቢጫ ያዘለ ሞቅ ያለ ነው፣ 4,000 መካከለኛ፣ 6,500 ነጭ ሰማያዊ። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ብርዱ በሚጠናበት የደሴ ክረምት ማታ 6,500 ያለው ሳሎን የክሊኒክ መጠበቂያ ይመስላል፤ ከ3,000 አይለፉ። ኮምቦልቻ ላይ 4,000 የሚወድ ይኖራል፤ አይፈረድበትም። የቀለም ታማኝነት የሚባል ቁጥርም አለ፤ ከ80 በታች ከሆነ ቀዩ ወጥ ቡናማ፣ የሰው ፊት ግራጫ መስሎ ይታያል።

ሦስት ቀለም የሚቀያይረው መብራት ብዙ ይሸጣል። ማጥፊያው ተጭኖ ወዲያው ሲበራ ቀለሙ ይቀየራል። መብራት ብልጭ ብሎ በሚመለስበት ሰፈር ግን ይህ ያሰለቻል፦ ኃይሉ ለአፍታ በተቋረጠ ቁጥር ሳሎኑ ሳያዙት ከቢጫ ወደ ነጭ ይሄዳል። ተበላሸ ብለው አይመልሱት፤ ሥራው ነው።

ለመቋረጡም አስቀድሞ ማሰብ ይቻላል። ኢ 27 ጥርስ ያለው ቻንደለር ከመረጡ ከክንዶቹ በሁለቱ ላይ ባትሪ ያለው፣ ኃይል ሲጠፋ ራሱ የሚበራ አምፖል መግጠም ይችላሉ። ማብሪያው እንደበራ መቆየት አለበት። የተዘጋ ግሎብ ውስጥ ግን አይግጠሙት፤ ሙቀቱ ባትሪውን ቶሎ ይገድለዋል፤ ከባድ ስለሆነም ቀጭን ክንድ ያዘነብላል።

መደብር ውስጥ ምን ይፈትሻል?

ትንሽ ማግኔት በኪስዎ ይያዙ። ክንዱን ከያዘ በኒኬል ወይም በክሮም የተለበጠ ብረት ነው። ይህ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ግን ደሴ ላይ ክረምቱ እርጥብ ስለሆነ ዝገቱ ከብየዳው መጋጠሚያ ይጀምራል፤ መጋጠሚያዎቹን በጣትዎ ዳብሰው ሻካራ ወይም ያልተለበጠ ቦታ ካለ ይተዉት። ካልያዘ አሉሚኒየም ወይም ናስ ሊሆን ይችላል። ናስ ይከብዳል፤ ሲፋቅ ከሥሩም ቢጫ ነው።

«ክሪስታል» የሚባለው አክሪሊክ ሊሆን ይችላል። ብርጭቆ ሲነኩት ይቀዘቅዛል፣ እርስ በርስ ሲነካካ ይጮኻል፣ ይከብዳል። አክሪሊክ ሲነኩት ለብ ይላል፣ ድምፁ የደነቆረ ነው፣ በዓመታት ውስጥም ቢጫ ይሆናል፣ ይጫጫራል። ለደካማ ኮርኒስ ግን አክሪሊክ ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ችግሩ በክሪስታል ዋጋ መሸጡ ነው።

መብራቱ በርቶ ሳለ የስልክዎን ካሜራ ያቅርቡበት። ስክሪኑ ላይ የሚንሸራተት ጥቁር መስመር ወፍሮ ከታየ ድራይቨሩ ርካሽ ነው፤ ዓይን ያደክማል። ድራይቨሩ ላይ የሚቀበለው ቮልት ተጽፏል፤ 220–240 ከሚለው ይልቅ 100–240 ወይም 85–265 የሚለው ቮልቱ ማታ ማታ በሚወርድበት ሰፈር ይበረታል። ከዚያ የካርቶኑን ዕቃ አንድ በአንድ ይቁጠሩ፦ ክንድ፣ ኩባያ፣ የክሪስታል ጠብታ፣ ሳህን፣ ሰንሰለት፣ የብሎን ከረጢት። ከእያንዳንዱ ዓይነት ኩባያ አንድ፣ ከጠብታው ሦስት አራት ተጨማሪ ይጠይቁ። በኋላ ያንኑ ቅርጽ ማግኘት ሲበዛ ከባድ ነው።

ዕቃው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድና የጣርማ በር ጠመዝማዛ አለበት። ኩባያና ጠብታ ከብረቱ ይለዩ፤ እያንዳንዱ በጋዜጣ ተጠቅልሎ በተለየ ካርቶን ይሁን፤ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሳይሆን ከእግር ሥር ይጓዝ።

ሲሰቀል

ሥራው የኤሌክትሪሻን ነው፤ እርስዎ ግን ቆመው ምን እንደሚያዩ ይወቁ። ማጥፊያውን ብቻ ሳይሆን ብሬከሩን ያውርድ፤ ከዚያም በቴስተር ሁሉንም ሽቦ ይንካ። በአሮጌ ቤት የሽቦ ቀለም አይታመንም። ለመብራት መስመር 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና 10 አምፔር ብሬከር ይበቃል። ብረት ቻንደለር ሦስተኛ ሽቦ፣ የመሬት መስመር፣ ይፈልጋል፤ ቢጫ አረንጓዴው ነው። ብዙ አሮጌ ቤት ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያለው። ያን ጊዜ ወይ ሦስተኛው ይሳብ፣ ወይ አንዱ ሌላው ውስጥ የገባ ሁለት ካሬ ምልክት ያለበት መብራት ይገዛ፤ ምልክቱ ድርብ መከላከያ አለው ማለት ነው። ቢጫ አረንጓዴውን ቆርጦ በናስትሮ ጠቅልሎ መተው፣ ወይም ከኒውትራሉ (ከመላሹ ሽቦ) ጋር ማጋጠም፣ አንድ ቀን አቧራ በሚጠርገው ሰው ላይ ይደርሳል።

ፌዙ፣ ማለትም ኃይል የሚያመጣው ሽቦ፣ በማጥፊያው በኩል መቆረጥ አለበት። ኒውትራሉ ከተቆረጠ ኤልኢዲው ከጠፋ በኋላም ደብዘዝ ብሎ ይበራል፤ መብራቱ ጠፍቶ ሳለም ክንዱ ውስጥ ኃይል አለ። ማጥፊያው ራሱ ትንሽ ጠቋሚ መብራት ካለውም ያው ደብዛዛ ብርሃን ይታያል፤ ያኛው አደጋ የለውም፤ ጠቋሚውን ማንሳት ይበቃል። ክንዱ ከስድስት በላይ ከሆነ በሁለት ማጥፊያ ይከፈል፤ ግማሹ ለዕለት፣ ሙሉው ለእንግዳ። ይህን ግን ሽቦ ከመሳቡ በፊት ይናገሩ፤ በኋላ አንድ ተጨማሪ ሽቦ ግድግዳ ማስቆፈር ነው።

ክንዶቹ ብርድ ልብስ ላይ ይገጣጠሙ። ብረቱ ባዶውን ይሰቀላል፤ ክብደቱን ሰንሰለቱና ጋንቾው እንጂ ሽቦው አይያዘው፤ ሽቦው ትንሽ ላላ ብሎ በቀለበቶቹ መሀል ይመላለስ። ሽቦዎቹ በሞርሴቶ፣ ማለትም በብሎን በሚጠብቅ የሽቦ ማያያዣ፣ ይጠበቃሉ፤ የተጠማዘዘና በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ መጋጠሚያ ሲሞቅ ይላላል። አምፖል ተገጥሞ ይሞከራል፤ ሁሉም ከበራ በኋላ ብሬከሩ እንደገና ወርዶ ኩባያና ጠብታ ይገጠማሉ፤ ተራ በተራ በተቃራኒ ክንድ፤ አንዱ ጎን ብቻ ከተሞላ ያዘነብላል።

ማጽዳት

እጣን በየቀኑ የሚጨስበትና ከሰል የሚነድበት ሳሎን ክሪስታል በሦስት ወር ውስጥ ይደበዝዛል። ጭሱ ስስ ቅባት ነው፤ አቧራውን ይይዛል፤ ስለዚህ ደረቅ ጨርቅ ያዳርሰዋል እንጂ አያነሳውም። አንድ እጅ አቼቶ በሦስት እጅ ለብ ያለ ውሃ ይደባለቅ። ብሬከሩ ይውረድ፣ አምፖሉ ይብረድ፣ ጨርቁ ይነከርና ይጨመቅ፤ ፈሳሹ በቀጥታ መብራቱ ላይ አይረጭ፤ የአምፖል መያዣው ውስጥ ይገባል። በስስ የጥጥ ጓንት ይያዙት፤ የጣት አሻራ ከአቧራው የበለጠ ይታያል። የወርቅ ቀለም ልባጥ ያለው ብረት ላይ ግን አቼቶ አይድረስ፤ ልባጡን ይበላዋል፤ እሱ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ነው። መብራቱን ዙሪያውን ለመጥረግ አያሽከርክሩት፤ ሲሽከረከር ከላይ ያለው ዳዶ አብሮ ይፈታል። መሰላሉን እየዞሩ ያንቀሳቅሱ፤ ከመውረድዎ በፊትም ሳህኑን ትንሽ ዝቅ አድርገው ዳዶውን በጣትዎ ይሞክሩ፤ በጣት ከዞረ በቁልፍ ያጥብቁት።